ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ቲቸራችሁ ራሱ በሚያስተምረው ትምህርት እንዴት እንደወደቀ ልንገራችሁ። ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አምና የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ሊማር ከሁምቦ ቆላ እኛ ጋ ሶዶ መጣ። ለፋሲካ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ሲመለስ በማዳበሪያ ከረጢት አንድ ነገር ይዞ ገባ። ኤሊ! ድንጋዩዋ እንደ ነብር ዥጉርጉር ያለ፣ አንድ ሳህን የምታክል። አስፋልት ላይ መኪና ሊጨፈልቃት ሲል ነው ያነሳት። ስሟን «ሳሮ» አላት። ሳሮ በወላይትኛ ሰላምታ ነው።

ሁላችንም ወደድናት። አትጮኽ፣ አትነክስ፣ ቀለብ አታስወጣ። ልጆቼ ዳቦና የተቀቀለ ስኳር ድንች ይሰጧታል። የሰፈር ልጆች ብድግ ሲያደርጓት ትሸናለች፣ እነሱም «ፈራች!» ብለው ይስቃሉ። ጭንቅላቷን ስታስገባ «ፍስስ» ትላለች፣ «ተናደደች» እንላለን። አንድ ጎረቤት እንደውም «እንዳትጠፋ ድንጋዩዋን ጫፉ ላይ ብሳና በገመድ እሰራት» ብሎ መክሮኝ ነበር። ተመስገን አላደረግኩትም።

ሰኔ ገባ። የሶዶን ሰኔ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከዳሞታ ወርዶ ግቢ ድረስ ይገባል። ሳሮ መብላት አቆመች። ወጥ ቤት ጥግ ሄዳ ሁለት ቀን አልተንቀሳቀሰችም። ባለቤቴ «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ እኔ በሙሉ ልብ «ኤሊ እኮ ናት፣ ተፈጥሮዋ ነው» አልኳት። የባዮሎጂ መምህር ተናግሮ ማን ይከራከራል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አፍንጫዋ ላይ አረፋ አየሁ። አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ደነገጥኩ። በእንስሳት ጤና የተመረቀ አንድ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን በላች?» ብሎ አይደለም። «ከየት መጣች?» ነው ያለኝ።

በቃ፣ እዚያው ገባኝ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈው የለ እንዴ? ኤሊ እንደኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፣ ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይና ከመሬት ነው። ዓባያ ሐይቅ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሶዶ ወደ 2,000። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ጃኬት ደርቤ እወጣለሁ፣ እሷ ምን ትደርባለች? ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ምግብ አይፈጭላትም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም ይወርዳል። በዚያ ላይ ኤሊ እንደኛ ስላ አክታዋን ማስወጣት አትችልም። ስለዚህ ሳንባዋ ከታመመ ነገሩ ከባድ ነው። «ተፈጥሮዋ ነው» ያልኩት በሽታዋን ኖሯል።

ወዳጄ መጥቶ አያት፣ መድኃኒትም ሰጣት። እኛ ደግሞ ካርቶን ውስጥ ገለባ አንጥፈን፣ ከላይ የ60 ሻማ አምፖል ሰቀልን። አንዱን ጎን ብቻ ነው የምናሞቀው፣ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ራሷ እንድትመርጥ። መብራት ሲጠፋ (ሶዶ ነን እንግዲህ) ሙቅ ውኃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ እናስቀምጣለን። በየጠዋቱ ደግሞ አገጯ ሳይነካ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እናቆማታለን፣ እንድትጠጣ።

በዚያ ሰሞን ያወቅኳቸውን ልንገራችሁ። ስትነሳ የምትሸናው ለድርቅ ጊዜ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውኃ ነው። ልጆቹ ለሳቅ ባነሷት ቁጥር ስንቋን እየደፉባት ነበር። «ፍስስ» የሚለውም ቁጣ አይደለም። ጭንቅላቷን ስታስገባ ውስጥ ቦታ ስለሚጠብ ከሳንባዋ የሚወጣ አየር ነው። ባሕር ዳር የሞተ የሌላ እንስሳ ቀፎ ውስጥ እየገባ፣ ቤት እየቀያየረ የሚኖር ሸርጣን አለ። ኤሊ ግን ቤት ቀያሪ አይደለችም። ድንጋዩዋ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኖቿ ጋር አንድ ሆኖ ያደገ ሕያው አጥንት ነው፣ ሲነኩት ይሰማታል፣ ሲበሱት ያማታል። ምግቧ ደግሞ ሳርና ቅጠል እንጂ ዳቦ አይደለም። ለድንጋዩዋ ካልሲየምና ፀሐይ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሁለተኛው ሌሊት ልትሞት ይሆን ብዬ ለማየት ተነሳሁ። የእህቴ ልጅ ካርቶኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። የራሱን ብርድ ልብስ ካርቶኑ ላይ ደርቦላታል።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ የቆላ ናት። ብርድ አልለመደችም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?»

አቀርቅሮ ዝም አለ። ቆይቶ «እርስዎ ተፈጥሮዋ ነው አሉ» አለኝ።

ብርድ ልብሱን በእጄ ዳሰስኩት። በመስከረም ሲመጣ የሰጠነው ነው፤ ከነጠላ ብዙም አይወፍርም። ልጁ የዩኒፎርም ሹራቡን በላዩ ላይ ሁለት ሸሚዝ ደርቦበት ነው የሚተኛው። ዘጠኝ ወር! ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል ሳል ይሰማኝ ነበር። ጠዋት «ደህና አደርክ?» እለዋለሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል፣ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። እህቴ በደወለች ቁጥር «ልጅሽ ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» እላታለሁ። እሷም ደስ ይላታል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ብሮንካይት ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፣ ፈተናውንም ተፈተነ። እኔ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። የቆላ ልጅ ደጋ አምጥቼ፣ ዝም ስላለ ብቻ ተስማምቶታል ብዬ ተኝቻለሁ።

ሳሮ ከአሥር ቀን በኋላ የስኳር ድንች ቅጠል በላች። ቤቱ ውስጥ እልል ተባለ። ወዳጄ ሙሉ በሙሉ መዳኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ወደ አገሯ መለስናት። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ እንደሚያስጠይቅም ያኔ ነው ያወቅኩት፤ እናንተም እወቁት። ልጁ ካነሳበት ቦታ፣ ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ ሳሩ ውስጥ አስቀመጣት። ጭንቅላቷን እስክታወጣ ጠበቅን። ከዚያ ሄደች።

ዘንድሮ ጊፋታን ቤተሰቡ ጋ አክብሮ ተመልሶ መጥቷል። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝተንለታል። «ደህና ነህ?» ብዬ መጠየቅ ግን ትቻለሁ፣ መልሱ ሁሌም አንድ ነውና። «ትናንት ሌሊት በረደህ?» ነው የምለው። መጀመሪያ ያፍር ነበር፣ አሁን «ትንሽ» ማለት ጀምሯል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ዝም ብላችሁ ትቀመጡ የነበራችሁ፣ «ጨዋ» ብዬ ያለፍኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መጠየቅ ነበረብኝ።

የዘመድ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ቤታችሁ ያስጠጋችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የሚተኛበትን ብርድ ልብስ በእጃችሁ ዳስሱት።

ቸር እንሰንብት።