አንድ ሲኒ መረቅ

እናቴ የመጀመሪያውን መረቅ ያቀረበችልኝ በእንግዳ ሳህን ነበር። ጎድጓዳው፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት፣ ከቁም ሣጥን የሚወጣው ለትልቅ ሰው ብቻ የሆነው ሳህን። እስከ አፉ ሞልታዋለች።

«እማዬ፣ በሲኒ አድርጊልኝ» አልኋት።

«በቡና ሲኒ?»

«አዎ፣ በቡና ሲኒ።»

ሲኒውን አምጥታ ቀዳችልኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ያችን አንድ ሲኒ ለመጨረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም።

ኅዳር 19 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ በአሥረኛው ቀን ለማገገም አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት መጣሁ። ከጨጓራዬ ከአምስት እጅ አራት ያህሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ሐኪሙ «የቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ከረጢት ነው» ብሎ ነበር ያስረዳኝ፤ ያደግሁት በሙዝ አገር መሆኑን አላወቀም። ለእናቴ ስነግራት «ትልቁን ሙዝ ነው ወይስ ትንሹን?» ብላ ጠየቀችኝ። ለአርባ ምንጭ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ምክንያቱን ላሳጥረው። 128 ኪሎ ነበርሁ፤ የስኳር ሕመምም ጀምሮኛል። አባቴን የወሰደብን ያው ሕመም ነው፤ መጀመሪያ ጣቱን፣ ኋላ እግሩን፣ በመጨረሻ ራሱን። እናቴ ግን የባሏን ሞት ከመብላት ጋር አገናኝታ አታውቅም። እሱ ሊሞት ሲል ከስቶ ነበርና በእሷ ዐይን የሞት አባቱ ክሳት ነው። በአገራችን «ወፈር አልሽ፣ ተስማማሽ» ምርቃት ነው፤ «ምነው ከሳሽ?» ደግሞ የለቅሶ መግቢያ። እንግዲህ እኔ ሆን ብዬ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ ልከሳ ተቆርጬ መጥቻለሁ።

ይዤው የመጣሁት የምግብ ወረቀት ብዙ ነገር ይላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃና የጠለለ መረቅ፤ ቀጥሎ ወተት፣ እርጎና ቀጭን አጥሚት፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የተፈጨና የላመ፤ ከአምስተኛው በኋላ ለስላሳ ምግብ። ፈሳሹ በቀን አንድ ተኩል ሊትር ያህል፣ ጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጩ፣ ከምግብ ጋር ግን ፈጽሞ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም። ቫይታሚኖቹ፣ በተለይ ቢ12፣ ዕድሜ ልክ።

ረኃብ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ ራብ ራብ የሚያሰኘን እሱ ነው። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ሲሆን የእኔ ያ ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። ሆዴ ዝም አለ። ዝም ያላለው ሌላው ነገር ነው። ጎረቤት ኩርኩፋ ሲሠራ የሽፈራው ቅጠሉ ሽታ በአጥር ተሻግሮ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቆላል፤ እኔ ለጊዜው ቡና ተከልክያለሁ። ሳይርብ መመኘት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ከዚያ በፊት ስንቱን እንጀራ ሳይርበኝ እንደበላሁ ቆጠርሁ… ቆጠራው አላለቀም።

ጠባችን በቡላ ነበር። እናቴ የዶርዜ ደጋ ልጅ ናት፤ እንሰት ለእሷ ተክል ብቻ አይደለም፤ በክፉ ቀን ወገኖቿ የተረፉበት ነው። ለታመመ ሰው ደግሞ የቡላ አጥሚትን የሚስተካከል የለም ብላ ታምናለች። በእርግጥ ሲጠጡት ያለ አንዳች ችግር ይወርዳል፤ መዘዙም ይኸው ነበር። ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ኢምንት። ያለኝ ቦታ አንድ ሲኒ ሆኖ በቡላ ከሞላሁት ለዓሣው የሚተርፍ የለም። መቶ ግራም ዓሣ ሃያ ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል ስድስት ያህል። እኔ በግራም ስቆጥር እናቴ በፍቅር ትቆጥራለች፤ ሒሳባችን አይገናኝም።

ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ከጫሞ የወጣ ነጭ ዓሣ ከሲቀላ ይመጣልኝ ጀመር። እናቴ ቀቅላ፣ እሾሁን በጣቷ እየዳሰሰች ለቅማ፣ በማንኪያ ጀርባ ታልመዋለች። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሰፈራችን አላለቀም፤ እናቴ ከማይበሉት ወገን ናት። ስለዚህ አትቀምሰውም። አንድ ቀን ጨው የለውም፤ በማግሥቱ ባሕር ነው። ወጧ ጨው በዝቶበት ወይም አንሶት የማያውቅ ሴት ናት። አንድም ቀን አልነገርኋትም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን አክስቴ ከደጋ ቆጮና ዳጣ ይዛ ወረደች። አይታኝ አለቀሰች። ከዚያ ቆጮውን ቆርሳ፣ በዳጣው ነክራ፣ ጠቅልላ ወደ አፌ አቀረበች።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!»

በሞቴ የተባለ ሰው አፉን ይከፍታል። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ከደረቴ አጥንት ጀርባ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ አፌ በአረፋማ ምራቅ ተሞላ፤ ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም መለስሁት። አክስቴ «መርዝ አበላኋት!» እያለች ደረቷን ደቃች። ማታ ሐኪሙ ጋ ደወልሁ። ማስመለሱ ከቀጠለ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቀኝ፤ ሰውነት ቢ1 የተባለውን ቫይታሚን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጨርስና ነርቭንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። አልቀጠለም።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥፋቱ የአክስቴ አልነበረም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ይቻል ነበር። የዳጣው ሽታ ሲደርሰኝ ፈለግሁት፤ «በሞቴ» ማለቷ ሰበብ ሆነኝ።

በማግሥቱ እናቴ የወንድሜን ልጅ ጠርታ ያንን ወረቀት አስነበበቻት። ልጅቱ ጨረሰች። «ድገሚው» አለቻት። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ወተት፣ ከዚያ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ…

«ይሄማ ልጅ ማሳደግ ነው!» አለች እናቴ ተቆጥታ። «አምስት አሳድጌያለሁ። ምን በወረቀት ታስቸግሩኛላችሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ተለወጠ። ከጓዳ የሕፃን ማንኪያ ወጣ። ዓይብ በእርጎ እየለወሰች፣ ሽሮ ያለ በርበሬ እያቀጠነች፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ታቀርብልኛለች። ቡላው ሳይነገራት ቀረ፤ «ለልጅ ዓሣና ወተት ነው እንጂ» ትላለች፣ ከጥንትም የእሷ ሐሳብ እንደነበር። ጠያቂ ሲመጣና እጁን ወደ መሶቡ ሲሰድ «ተዋት፣ ሆዷ ገና ጡት አልጣለም» ትለዋለች። ሰው ይሥቃል፤ እጁን ግን ይሰበስባል። እኔ ስለ ቀዶ ሕክምና ለሳምንታት ያስረዳሁትን ሁሉ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ተካችው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዓሣው ጣፈጠኝና አንድ ማንኪያ እንድትጨምርልኝ ለመንኋት። ሳህኑን አነሣችው።

«ይበቃል።»

ይህን ቃል እናቴ ማዕድ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እሷም የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ መሰለኝ፤ ትንሽ ቆማ ቀረችና ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

አርባኛው ቀን ገና ላይ ዋለ። 14 ኪሎ ቀንሻለሁ። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ጾሟን ልትፈታ ተቀመጠች፤ ዶሮ ወጡ ቀረበ። ከወጡ አንድ እንቁላል አወጣች፤ በርበሬውን በሞቀ ውኃ አጥባ በቢላዋ ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን ከትንሿ ማንኪያ ጋር ፊቴ አኖረችው። በቤታችን ሥርዓት የዶሮ ወጥ እንቁላል ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ተከፍሎ አያውቅም። በጥቂት በጥቂቱ እያላመጥሁ በላሁት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚህ ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም፤ ሌላውን ግማሽ በእጇ እንደያዘች ጠበቀችኝ። ስጨርስ ጎረሰችው።

«ጨው አንሶታል» አለች።