መብራት ሲጠፋ የፈጠነው ላፕቶፕ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡራዩ ባለችው አጥቢያችን ለእሑድ የመዝሙር ስላይድ እያዘጋጀሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፣ ኪቦርዱ በዜማው መካከል ጸጥ አለ፣ ለልምምድ የመጡት መዘምራንም እንደ ልማዳቸው በአንድነት «ኤጭ!» አሉ። ላፕቶፑን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ ስጠብቀው የቆየሁት ፋይል ድንገት ተከፈተ። ሌላ ነካሁ፤ እሱም ተከፈተ። ያለፈውን እሑድ ስብከት ቪዲዮ አስጀመርኩ፤ አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲበር ቆየና መብራት መጣ። ወዲያው ማውሱ መጎተት ጀመረ፣ ቪዲዮውም ቀጥ አለ።

መዘምራኑ መብራት ስለ መጣ አጨበጨቡ። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። በዚያው አዳራሽ፣ በዚሁ ላፕቶፕ ምክንያት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ልጅ በሰው ፊት አሳፍሬ ነበርና።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የምኖረው ሰበታ ነው። በሳምንት ሁለቴ ቡራዩ፣ በወር አንዴ ደግሞ ሱሉልታ እየሄድኩ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ለታክሲ ተሳፋሪ ግን ገና አንድ ከተማ አልሆኑም። ከሰበታ ቡራዩ ለመድረስ በአየር ጤና ገብቼ በአስኮ እወጣለሁ፤ ሱሉልታ ለመሄድ ደግሞ በአዲሱ ገበያ አድርጌ የእንጦጦን ዳገት እሻገራለሁ። ላፕቶፑም ከእኔ ጋር ይዞራል። አባላት አዋጥተው የገዙልን፣ ያገለገለ ቢሆንም ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ያለው ደህና ዕቃ ነው። ቦርሳው ሲከብደኝ ሁለተኛ ቻርጀር ገዝቼ ቡራዩ አስቀመጥኩ። የገዛሁት እኔ ነኝ። ከኦሪጅናሉ በሩብ ዋጋ ስላገኘሁት የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ቆጠብኩ ብዬ ደስ ብሎኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ሰበታ ሲሆን ጤነኛ፣ ቡራዩ ሲደርስ በሽተኛ ሆነ። ቡራዩ ላይ የሚይዘው የሚዲያ አገልጋያችን 19 ዓመቱ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ እሱም እንዳልጽፍ ጠይቆኛል። አንድ እሑድ እንግዳ ሰባኪ መድረክ ላይ ሳሉ የቀጥታ ስርጭቱ ደረቀ። የሰባኪው ምስል አፋቸውን እንደ ከፈቱ ስክሪኑ ላይ ቀረ፤ በውጭ ሀገር ሆነው የሚከታተሉ ወገኖችም «ምን ሆናችሁ?» እያሉ መልእክት ይልኩ ጀመር። ፕሮግራሙ እንዳለቀ መዘምራኑ ባሉበት «ቤቴ ሲሆን እንደ ፈረስ የሚሮጥ ዕቃ አንተ እጅ ሲገባ ለምን ይሞታል? ጌም ጭነህበት ነው አይደል?» አልኩት።

«መምህር፣ ሲሰካ ብቻ ነው እኮ...» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። ማውሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ለሽማግሌዎቹ ምን እንዳልኳቸው መጻፍ ያሳፍረኛል። «የዛሬ ወጣት ተግሣጽ አይወድም» ነው ያልኩት። በዚያ ወር ደግሞ የማስተምረው የያዕቆብን መልእክት ነበር፤ ስለ አንደበት የሚናገረውን ክፍል።

መብራት የጠፋበት ዕለት ማታ ሁለቱንም ቻርጀሮች ይዤ ሰበታ ገባሁ። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለውን ብትነኩ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጊጋኸርትዝ ይታያል። የእኛው መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ነው፤ ሥራ ሲመጣበት ለአጭር ጊዜ እስከ 3.4 ይወጣል። በኦሪጅናሉ ቻርጀር 3 አካባቢ አሳየኝ። ነቅዬ በባትሪ ብቻ አየሁት፤ ብዙም አልተለወጠም። የቡራዩውን ስሰካው 0.79 ላይ ወርዶ ተቸነከረ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ሰውዬው፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። ምን እንደ ነካኝ ያን ሌሊት አልነገርኳትም።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን አነበብኩ። አንዳንድ አምራቾች የቻርጀራቸው ጫፍ መሐል ላይ ቀጭን መርፌ ያደርጋሉ። መርፌዋ የተሠራችው ባትሪ ለመሙላት አይደለም፤ ቻርጀሩ ውስጥ ካለው ትንሽ ቺፕ «እኔ 65 ዋት ነኝ» ወይም «90 ዋት ነኝ» የሚለውን መረጃ ለላፕቶፑ ታደርሳለች። ላፕቶፑ ይህን ካልሰማ የተሰካበት ዕቃ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል አያውቅም። ስለዚህ ባትሪውን አልሞላም ይላል፣ ፕሮሰሰሩንም ልጓሙን ይስብበታል። ትእዛዙ የሚመጣው ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ በሚገታበት በዚያው መንገድ ነው፤ ሳይግል እንደጋለ ይቆጠራል ማለት ነው። ሲነቀል ግን ኃይሉ ከራሱ ባትሪ ስለሆነ የሚጠራጠረው ነገር የለም፣ ይለቀዋል። ባትሪው ሰበታ ተሞልቶ ስለሚመጣ ቡራዩ ላይ አለመሙላቱን ልብ አላልኩም።

ከሁሉ የባሰው ይህ ነው፦ ቡራዩ ላይ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። የቻርጀሩ ዓይነት ሊታወቅ አልቻለም፣ ፍጥነቱ ባለው ኃይል ልክ ይደረጋል የሚል ነው። ሳላነብ ቁልፍ ተጭኜ አልፈው ነበር። «ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡ» እያልኩ የማስተምራችሁ ሰው!

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። «እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር» አሉኝ እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። ቡና ቀረበ። በታክሲ ውስጥ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና «ያን ቀን ሲሰካ ብቻ ነው ስትል ምን ልትነግረኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሲነቀል ይፈጥናል ልል ነበር። ቻርጀሩ ነው ብዬ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ። አንዴ ታክሲ ሲጠብቁ፣ አንዴ በቴሌግራም።»

ስልኬን አውጥቼ ቴሌግራሙን ወደ ላይ ገፋሁ። አለ። በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥሩ ሳይቀር፣ እኔ ሁለት ቀን አንብቤ የደረስኩበትን ጽፎልኛል። ከሥሩ የእኔ መልስ «እሺ፣ ተባረክ» ይላል።

«ታዲያ መላ አልነበረውም?» አልኩት፣ የምለው ሲጠፋኝ።

«ነበረው። ትሮትልስቶፕ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ያን የገደብ ምልክት ችላ በል ይለዋል። ግን ቻርጀሩ እንደ ካውያ ይግላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት በእውነት መስጠቱን በምን አውቃለሁ? የአዳራሹ ጣሪያ ደግሞ እንጨት ነው።»

ጌም ጭነሃል ያልኩት ልጅ ለአዳራሹ ጣሪያ ሲያስብ ነው የከረመው። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «እሺ» አለኝ፤ ትንሽ ቆየና «መዘምራኑ ፊትም ይሉታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ ስኒ እንደ ያዙ ቆሙ። እላለሁ አልኩ። ቅዳሜ አልኩት፤ ቻርጀሩንም ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ስንት ዓመት መድረክ ላይ ስቆም እንደዚያ ቀን ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ቻርጀሩ ተወገደ፤ ገደቡ ግን በዚያ አላበቃም። የሦስቱ ከተሞች ወጣቶች ሱሉልታ ላይ የጋራ ኮንፈረንስ ነበራቸውና፣ በዋዜማው ማታ ልጁና እኔ የመክፈቻውን ቪዲዮ ልናጠናቅቅ እዚያ አደርን። ኦሪጅናሉ ቻርጀር ተሰክቷል። ቪዲዮው ሲጀምር ይበርራል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይቀዘቅዛል። ልጁ በሶፍትዌሩ ከፍቶ አሳየኝ፤ ፕሮሰሰሩ 29 ዋት ሲበላ ቆየና 15 ላይ ወረደ። ኢንቴል ሁለት ልክ ያበጃል፤ አንዱ ለአጭር ሩጫ፣ አንዱ ለረጅም ጉዞ። በብዙ ላፕቶፖች አጭሩ ሩጫ 28 ሴኮንድ ያህል ነው። ልጁ የረጅሙን ልክ ሊያነሣው ሞከረ፤ ቁጥሩ ተቆልፏል። ባዮስ ውስጥ ገባ፤ እዚያም አማራጭ የለም።

«የራሳችን ዕቃ አይደል እንዴ? ማን ነው የቆለፈው?» ብሎ ተናደደ።

በግማሹ ከእሱ ጋር ነኝ። በእኛው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው አይ 5 8250ዩ በዝርዝሩ ላይ 15 ዋት ይባል እንጂ አምራቹ ከፈለገ 10፣ ከፈለገ 25 ላይ ሊያቆመው ይችላል። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ተለጣፊ ለጥፈው አንዱ ሌላውን ጥሎት ይሄዳል፤ ገዢው ግን ካርቶኑ ላይ ይህን አያይም። ይህ ልክ አይመስለኝም። መገናኛም ሆነ መርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሄዳችሁ የፕሮሰሰሩን ስም አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። አብሮ በሚሰጣችሁ ቻርጀር ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠሩትና ፍጥነቱ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።

ግማሹን ግን ሳነብ ሐሳቤን ለወጥኩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የበርሚንግሃም፣ የግራዝና የሉቨን ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት ብለው የሰየሙትን ድክመት ይፋ አደረጉ። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በሶፍትዌር ዝቅ በማድረግ ስሌቱን ማሳሳት፣ በዚያም በጥብቅ የተቀመጠ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሙቀት ለመቀነስ ብለው ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጉ የነበሩ ብዙ ተጠቃሚዎች በሩ ተዘግቶባቸዋል። የዋቱ ቁልፍ ሌላ ነው፤ እሱ ከማቀዝቀዣው አቅም ጋር የተያያዘ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ያለች ትንሽ ማራገቢያ ለዘለቄታው የምትችለው ያንኑ ያህል ነው።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ያቺ ማራገቢያ ሌላ ችግር አለባት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ሯጮቻችን ለዚሁ ስስ አየር ብለው እዚያ ይለማመዳሉ፤ ማራገቢያ ግን በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ብትዞርም የምትገፋው አየር ጥቂት ነው። ብርዱ ባይክሳት ኖሮ የባሰ ነበር። ውሃ እዚያ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ ፕሮሰሰር ራሱን በሙቀት የሚገታው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እኛ ስናየው 94 ላይ ነበር።

«ምን ላይ ነው ያስቀመጡት?» አለ ልጁ። እህቶች የመድረኩን ጠረጴዛ ወፍራም ከፋይ አልብሰውት ነበር፤ ላፕቶፑን ያስቀመጥኩት እሱ ላይ ነው፣ ከሥር ያሉት የአየር መግቢያዎች በሙሉ ተደፍነዋል። ልጁ ከፋዩን አጠፈና ሁለት የመዝሙር መጽሐፍ ግራና ቀኝ አድርጎ ላፕቶፑን ከፍ አደረገው። በጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ 81 ገባ። ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ 15 ዋት፣ እንደ ተቆለፈ።

ስክሪኑ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይቀራል አለ። ልጁ ሶፍትዌሩን ዘጋው።

«ልንጠብቅ ነዋ» አለ፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና እጆቹን የላፕቶፑ ትኩስ አየር በሚወጣበት በኩል ያሞቅ ጀመር።