የጨለመ ግጥምና አንባቢው

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው አልቃሽዋን «ይህ ያንቺ ኀዘን ነው ወይስ የሌላ?» ብሎ አይጠይቃትም። ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ልትሆን ትችላለች፤ ከሌላ መንደር ተጠርታ፣ ስሙንና ሙያውን ከደጅ ጠይቃ የገባችም ልትሆን ትችላለች። ይሁንና ሙሾዋን ስታወርድ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰውም ለዚያ ሟች ብቻ አይደለም። አንዱ ዐሥር ዓመት የሞላውን የእናቱን ሞት፣ ሌላዋ ወጥቶ የቀረ ልጇን እያሰበች ነው። ይኸው ቃል በወረቀት ላይ ሰፍሮ ከግርጌው የጸሐፊው ስም ሲታከልበት ግን ነገሩ ይለወጣል። አንባቢው እንባውን ጠርጎ መርማሪ ይሆናል። ማን ሞተበት? ማን ከዳው? ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው?

ይኸን የማነሣው ከመጻሕፍት ባገኘሁት ሐሳብ ብቻ ተመርቼ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በጌዶ አስተምር ነበር። ጌዶ ከአዲስ አበባ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከፍታ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። በክረምት ጉሙ ከጠዋት እስከ ረፋድ ቆርቆሮውን ሸፍኖ ይውላል። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ከተዝካሩ በኋላ ዐሥራ ስምንት ስንኝ ጻፍኩ፤ በጣሪያ ላይ ስለሚወርድ ዝናብና ንጋትን ስለሚፈራ ሰው የሚናገሩ ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወስዶ ገለበጣቸው፤ ከእርሱም ሌሎች ገለበጡ፤ በሳምንት ውስጥ ከተማው ውስጥ ማን እንዳነበበው እኔም አላውቅም ነበር።

የመጡልኝ ምላሾች ከዚያ በኋላ ባነበብኳቸው ሂሶች ሁሉ ውስጥ ተመልሰው አግኝቻቸዋለሁ። አንደኛው የአማርኛ መምህር ሲሆን ሰባተኛው ስንኝ ቤት እንደማይመታ አሳየኝ። እውነቱን ነበር፤ አይመታም። ሁለተኛዋ በዕድሜ የምትበልጠኝ ጎረቤቴ ናት፤ «ሟርት ነው፤ ቅደደው» አለችኝ። ሦስተኛው ሻይ ቤት ውስጥ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ዝናቡ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዝናቡ ዝናብ መሆኑን ብነግረው እንደ ብልህ ሰው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ምስጢሬን ጠብቆልኝ መሄዱ ነበር። አራተኛው ግጥሙን ማንበቡን እያወቅሁ ስለ በቆሎ ዋጋ ብቻ ሲያወራኝ አመሸ።

ከእነዚህ ሁሉ የሦስተኛው ሰው ጥያቄ ሰፋ ያለ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። የቅኔ ልጆች ነን። ሰሙን አልፎ ወርቁን መፈለግ ከአብነት ትምህርት ቤት አልፎ የጠቅላላው አንባቢ ልማድ ሆኗል። የኅትመት የቅድሚያ ምርመራ በዐዋጅ ቁጥር 34/1985 በሕግ እስኪቀር ድረስ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ይህ ልማድ ግዴታም ነበር፤ ጸሐፊው የሚደብቀው፣ አንባቢው የሚፈለፍለው ነገር ነበራቸው። ከዚህም የተነሣ «ጨለማ» ያለ ሁሉ ዘመኑን፣ «ክረምት» ያለ ሁሉ ገዢውን የሰደበ መስሎ ይታያል። «እኔ» የሚለው ቃል በራሱ ሊቆም አይፈቀድለትም፤ ወዲያው «እኛ» ተብሎ ይተረጎማል። በበኩሌ ይህ ንባብ ብዙ ታላላቅ ግጥሞችን እንዳተረፈልን አልክድም። ነገር ግን ወንድሙን የቀበረ ሰው ወንድሙን ብቻ የሚያለቅስበት ስንኝ እንዲኖረው አይፈቅድለትም።

በ1963 ዓ.ም. የታተመው የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» የገጠመውን ዕጣ በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። ሰሎሞን የተወለደው ከጊምቢ አቅራቢያ ነው፤ ይህ በጌዶ የሚያልፈው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል የሚያደርሰው አገር ማለት ነው። ግጥሙ ጨለማ ነው ከማለት ይልቅ ግላዊ ነው ማለት ይቀናኛል፤ የተለመደውን የስንኝ ሥርዓት ጥሶ የአንድን ሰው ውስጥ፣ የአንድን ሰው ቋንቋ ይዞ መጣ። የመጣው ግን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ለወጣ ትውልድ ነው። አገር በእሳት ላይ ሳለች ስለ ራስ መጻፍ ለብዙዎች ቅንጦት መሰላቸው፤ አይገባም ያሉትም ጥቂት አልነበሩም። ያ ትውልድ ደንቆሮ ነበር የሚሉትን አልቀበልም። አንባቢ የሚያነብበት ዘመን አለው፤ የተራበ ዘመን ደግሞ ግጥምን እንጀራ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ ይጠይቃል።

የአምቦውን ልጅ የጸጋዬ ገብረ መድኅንንም እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ባለቅኔ «እሳት ወይ አበባ»ን ያሳተመው አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ነው። በእኛ አካባቢ የጸጋዬ ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው «ምነው አምቦ» ነው፤ አገራችንን በስሟ ጠርቶ የሚወቅሳትና የሚያሞግሳት በመሆኑ ነው። በዚያው መድበል ውስጥ «መሸ ደሞ አምባ ልውጣ» የሚል አለ። ቀኑ ሲጨልም ከሰው ተነጥሎ ወደ ከፍታ የሚወጣ፣ ከራሱ ጋር የሚታገል ብቸኛ ሰው ድምፅ ነው። ይህን ግጥም በስብሰባና በበዓል ላይ ሲያነቡት የሰማሁት እጅግ በጥቂቱ ነው። ብቻቸውን ሲያነቡት ግን አውቃለሁ፤ የተማሪ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሒሳብ ቀመሮች ሥር፣ በእርሳስ ተገልብጦ አይቻለሁ። አደባባይ የሚወደው ግጥምና ሰው በጓዳው የሚያኖረው ግጥም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በውጭው ዓለምም ቢሆን መርማሪው አንባቢ አይጠፋም። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ሲልቪያ ፕላዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ለንደን ላይ በገዛ እጇ ሕይወቷን ካጠፋች በኋላ በ1965 የወጣውን መድበሏን ብዙዎች የገለጹት እንደ ሬሳ መርማሪ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ለሞቷ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ከዚህ ንባብ የተጎዳችው ሟቿ ብቻ አይደለችም። ቀልዷ፣ ቁጣዋ፣ የቃል አመራረጧ ሁሉ ተሸፈነ።

እኛ ዘንድ ግን መርማሪ ሳይሆኑ የጨለመ ቃል የሚያነቡ ሰዎች ሞልተዋል። ማለዳ ቡና ሳይቀምሱ ዳዊት የሚደግሙትን አስቡ። ከመቶ ኀምሳው መዝሙራት ውስጥ ስንቱ ነው የተከዳ፣ የታመመ፣ ሌሊቱን በእንባ ያሳለፈ ሰው ጩኸት! ይሁንና የሚደግመው ሰው የንጉሡን ጤንነት አይመረምርም፤ «እኔ» የሚለውን በራሱ አፍ ብሎ ያልፋል። የኦሮሞው ጌረርሳም የጀግና ፉከራ ብቻ አይደለም፤ ድኽነቱን፣ እስሩን፣ ወገን ማጣቱን የሚያንጎራጉርበትም አለ፤ አድማጩም ተራው ሲደርስ የራሱን ይዞ ይነሣል።

አምስተኛዋ አንባቢዬ ይህን የመሰለች ነበረች። በግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ፣ ሁላችን «አኮ» የምንላቸው አሮጊት ፊደል አያውቁም፤ የልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላቸው። በማግስቱ ጀበናቸውን ይዘው መጥተው ተቀመጡ። ስለ ግጥሙ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ በ1977 ዓ.ም. ስለሞተ ልጃቸው በቋንቋቸው ቀስ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ሲጨርሱ «አሁን ያንተን ድገመው» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ግጥምን እንደ ሐኪም ካርድ ማንበብ ስሕተት ነው ስል ስለ ጸሐፊው ማሰብ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። መምህር ሆኖ የልጆችን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን ያቀረበው ግጥም ኩራዝ እንዳይበራ የሚለምን ሰው ይናገርበታል። ጥሩ ግጥም ነበር፤ ያስፈራም ነበር። በክበቡ ፊት «ምን ሆነሃል?» ብለው ልጁን ማዋረድ፣ ቤት መምታቱን ብቻ ብነግረው ደግሞ ደንቆሮ መሆን ነበር። ከክፍል ሲወጣ አብሬው ወደ መንገዱ ወረድኩና «ምሳ በልተሃል?» አልኩት። አልበላም። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው እንደሚማሩት ልጆች ሁሉ በየሰንበቱ ከቤቱ ስንቅ ይመጣለት ነበር፤ አባቱ ከታመመ ወዲህ ሁለት ሳምንት ቀርቶበታል። ማደሪያውን የሚጋራው ጓደኛውም ትምህርቱን ትቶ ሄዷል። የስንቁ ነገር በመምህራን መዋጮ ተቃለለ፤ አጎቱም ተጠርተው መጡ፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ሳምንታት ማታ ማታ ከእኔ ጋር እየተቀመጠ ያወራ ነበር፤ የሚያስፈልገው ከስንቅ ይልቅ ያ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ግጥሙን አሳመረው ወይም አበላሸው? በእኔ ግምት ሁለቱንም አላደረገም። የኩራዙ ስንኝ የልጁን ታሪክ ሳላውቅም ደርሶኝ ነበር። አንዳንድ ወጣት ገጣሚዎች ሥቃያቸውን ብቻ አቅርበው «አይዞህ» ሲባሉ ጽሑፋቸው የተመሰገነ ይመስላቸዋል፤ አይዞህ ለሰውየው ነው፤ ስንኙ ገና ሊታረም ይችላል። ያ ልጅ ይህን ከብዙ አዋቂዎች ይልቅ ያውቅ ነበር። ለሰኔው ዝግጅት ግጥሙን ሦስት ጊዜ ደግሞ ጻፈው፤ ስሙ እንዳይነገርም ለመነኝ።

አንዲት ተማሪ ቆማ አነበበችው። ማን እንደጻፈው አዳራሹ አያውቅም ነበርና የሚመረመር ሰው አልተገኘም፤ ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከሳምንት በኋላ ግጥሙ በአንዲት ልጅ ደብተር ውስጥ ተገልብጦ ተገኘ፤ ከግርጌው የራሷን ስም ጽፋበታለች። ወስጄ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከተውና አንዲት ቃል መቀየሯን በጣቱ ጠቆመኝ፤ «ኩራዝ» የሚለውን «አምፖል» አድርጋዋለች።

«እነሱ ቤት መብራት አለ» አለኝ። «ተዋት፤ የሷ ነው።»