ስለ አንዲት የውሃ ቱቦ

የቤት ሀብት በሚጠብቀው ሰው ይለመልማል፤ ችላ በተባለ ጊዜ ግን ከትንሹ ነገር ጀምሮ ይጠፋል። ብዙ ሰዎች የአውቶሞቢል ነገር ለመካኒክ ብቻ የተተወ ስለሚመስላቸው፥ በመንገድ እስኪቆምባቸው ድረስ ኮፈኑን ገልጠው አያዩም። እኛ በቤታችን ስለ ሠራነው አንድ ትንሽ ሥራ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

የታመሙትን እናታችንን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ሁለት ቀን ሲቀረን፥ ካረጀው አውቶሞቢላችን ሥር አረንጓዴ ውሃ ሲንጠባጠብ አገኘን። ብንመረምረው ከራዲያተሩ ወደ ፓምፑ ውሃ የሚያደርሰው የታችኛው የጎማ ቱቦ አብጦና ተሰነጣጥቆ ነበር። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቱቦው በመካከል ቢፈነዳ ሞተሩ ይቃጠላል፥ በሽተኛዋ እናታችንም በብርድ ከመንገድ ዳር መቀመጣቸው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ በደጋ አገር ቶሎ የማይበስልበት ምክንያት ይኸው ነው። በሞተር ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ፥ ውሃው ከዚያ በላይ ቢሞቅም አይፈላም። ክዳኑ በትኩሱ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን በአንድ ጊዜ ገንፍሎ የከፋቹን ፊት ያቃጥላል።

ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ ትዕግሥት ነው። ሞተሩን ሌሊቱን አሳድረን በማለዳ ጀመርን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፈታን፤ ሳፋ ከሥሩ አኑረን ውሃውን አወረድን። የቱቦውን የብረት ማሰሪያዎች በካቻቢቴ አላልተን፥ ቱቦውን ወዲያና ወዲህ እያዞርን አወጣነው፤ በጉልበት ቢስቡት የራዲያተሩ አንገት ይሰበራልና። አሮጌውን ይዘን ገበያ ወጥተን፥ በውፍረቱም በአጣጣፉም የሚተካከለውን ገዛን። አንገቱን ከዝቃጭ ጠርገን፥ ማሰሪያዎቹን አስቀድመን በአዲሱ ቱቦ ላይ አጥልቀን አገባነው፤ አጠበቅነውም። ከዚያም የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለን፥ አየር ታፍኖ እንዳይቀር ቱቦውን በእጅ እየጨመቅን በዝግታ ሞላን። የባትሪውን ሽቦ መልሰን ሞተሩን አስነሣን፤ የጎደለውን ጨምረን ክዳኑን ገጠምን፤ አንዲት ጠብታም አልወጣችም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን በሳፋው ውስጥ ነበረ። ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ለአፍ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ታናሺቱ ልጃችን ልትጫወትበት እጇን ስትዘረጋ፥ ታላቅ እኅቷ ፈጥና መለሰቻት። እኛም ክዳን ባለው ጀሪካን ገልብጠን፥ «መርዝ» ብለን ጽፈንበት ቆለፍንበት፤ የፈሰሰበትንም ቦታ ውሻ እንዳይልሰው አጠብን። ይህን ፈሳሽ በመጠጥ ጠርሙስ ማኖር ከቶ አይገባም።

በማግሥቱ ሄደን እናታችንን በደኅና አመጣናቸው።

እንግዲህ አውቶሞቢል ያለው ሁሉ ሩቅ መንገድ ከመሄዱ በፊት፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦዎቹን በጣቱ ይዳስስ፤ የላላውንና ያበጠውን ይለውጥ። ልጆቹንም አጠገቡ አቁሞ፥ የሚነካውን ብቻ ሳይሆን የማይነካውንም ያስተምራቸው።