ጓያ፣ ነርቭና የእኛ ማዕድ

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በዚህ ሳምንት የበላችሁት ሽሮ ከምን ከምን እንደተሰናዳ ታውቃላችሁ? ከአተር፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላ ትሉኝ ይሆናል። እህሉን አሰናድተው ወደ ወፍጮ የላኩትን እናቶች ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽ ጓያም አለበት» ይሏችኋል። ጓያ ርካሽ ነው። ወጡን ወፈር ያደርገዋል፤ ጣዕሙም አይከፋም። እኛ አሊዩ አምባ ገበያም ከደጋው ከሚወርደው እህል መካከል አይጠፋም።

ስለ ጓያ የምጽፍላችሁ ስለ ምግብ አሠራር ለማውራት አይደለም። በመካከላችን በምርኩዝ የሚሄዱ ወገኖች ስላሉ ነው። ስለ እነርሱ የምንናገረው ቃል ደግሞ ወይ ያቆማቸዋል፣ ወይ ይበልጥ ይሰብራቸዋል።

ጓያ የድሃ ባለውለታ ነው። ጥቁር አፈር ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራል፤ በቀረችው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ውኃ ሲተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ሲጠፋም ይችላል። ሌላው አዝመራ ሁሉ ከድቶ ገበሬውን ባዶ እጁን ሲያስቀረው ጓያ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በደህና ዘመን ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ በመጠኑ የሚበላው ጓያ፣ በድርቅ ዘመን ጠዋትም ማታም ብቸኛ ምግብ ይሆናል። ሁለት ሦስት ወር እንዲህ የበላ ሰው አንድ ቀን ከእርሻ ደክሞ ገብቶ ይተኛና ሲነጋ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። ጉልበቱ ይገተራል፤ ሲራመድ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ተረከዙ መሬት አይነካም። ይህ ከሚደርስባቸው መካከል የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው። በእናንተ ዕድሜ ያሉ ማለቴ ነው።

እግሩ ውስጥ ምን ተበላሸ ትሉ ይሆናል። እግሩ ውስጥ ምንም አልተበላሸም። ጉዳቱ ያለው ከላይ ነው። ነገሩን በአገራችን መልክዓ ምድር ላሳያችሁ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አሊዩ አምባ የቆላው በር ነበረች። ከባሕር ጠረፍና ከሐረር በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚህ ነበር። የንጉሡ ትእዛዝ ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርዶ አሊዩ አምባ ይደርሳል፤ ከዚህ ደግሞ ሌላ መልእክተኛ ተቀብሎ ወደ ቆላው ይዞት ይሄዳል። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። «ተራመድ» የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል ተነሥቶ በላይኛው የእንቅስቃሴ ነርቭ አማካይነት ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል። እዚያ የታችኛው የእንቅስቃሴ ነርቭ ተቀብሎ ለጡንቻ ያደርሰዋል። ፖሊዮ የሚገድለው የታችኛውን መልእክተኛ ነው፤ ስለዚህ እግሩ ይልማል፣ ይሰልላል። ጓያ የሚጎዳው የላይኛውን ነው፤ ስለዚህ እግሩ ሳይሰልል ይገተራል። ለእግር ትእዛዝ የሚያወርደው ነርቭ ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ በትልቅ ሰው ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። እጅ ተርፎ እግር የሚያዘው በዚህ ሳቢያ ይመስላል። አእምሮ አይነካም፤ እግሩን ብትነኩትም ይሰማዋል።

አጎቴን የጓያ ነገር ያገኛቸው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው። እኔ አልተወለድኩም ነበር። ያኔ ጅሩ በኩል የሚኖሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። በኋላ እናቴ ወዳለችበት ወደ አሊዩ አምባ ወረዱና ከቤታችን ፊት ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ልጅ ሳለሁ ስለ እግራቸው የሰማሁት ብዙ ነበር። ቡዳ ነው ያለ ነበር፤ የአባት እርግማን ነው ያለ ነበር፤ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቷቸው ነው ያለም ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን በአንድ ጉባኤ ላይ የሰማሁት ነው። አንድ እንግዳ አገልጋይ ጸልዮላቸው እግራቸው እንዳልተፈታ ሲያይ፣ በሕዝብ ፊት «እምነት የለዎትም፤ የደበቁት ነገር አለ» አላቸው። አጎቴ ምርኩዛቸውን ይዘው በዝግታ ወጡ። ወደ ቤት ስንሄድ እጃቸውን ያዝኩና «ጋሼ፣ ከፋዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በዚያ ክረምት ምን እንደበላሁ እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ኮሌጅ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር ያችን ቃል ይዤ ነው የገባሁት። ያገኘሁትም አጎቴን የሚደግፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1671 በጀርመን ምድር የቩርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት በዳቦ እንዳይገባ ከልክለው ነበር። በስፔን ደግሞ ሠዓሊው ጎያ (የስሙን ነገር ተመልከቱ!) በጦርነት በተራበችው ማድሪድ ጓያ የሚበሉ ሰዎችን ሲሥል፣ መሬት ላይ የወደቀች ሴት አብሮ ሥሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቫፕኒያርካ የእስረኞች ካምፕ አይሁድ እስረኞች ጓያ እየተሰጣቸው እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ የሆነው ሐኪም አርተር ኬስለር ምክንያቱን አወቀ፤ እስረኞቹም ያን ምግብ አንበላም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ አገር ተመራማሪዎች ኦዳፕ የተባለውን መርዝ ከጓያው ፍሬ ለይተው አወጡ። ይህ መርዝ ነርቮች እርስ በርስ ለመነጋገር የሚጠቀሙበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ይመስላል። በሩን እንደ ቤተሰብ ያንኳኳል፤ ከገባ በኋላ ግን ነርቩን ያለ ዕረፍት እያስጮኸ ያደክመዋል።

በአገራችን ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ወደ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ወርደው ሕመምተኞችን በየመንደሩ ቆጠሩ፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሲነሣ ዶክተር ኃይለሥላሴ ጌታሁንና ከቤልጅየም ፈርናንድ ላምባን አብረው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ጓያ የበላ ሁሉ ለምን አልታመመም? መልሱ ከማድቤት ተገኘ። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉት ይበልጥ ተጎድተዋል። ከጤፍ፣ ከስንዴና ከመሳሰሉት ጋር የቀላቀሉት፣ ወጡንም በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የሠሩት ይበልጥ ተርፈዋል። ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 መርዙ የቀነሰለት «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ አወጣ።

የጓያ ጥናት ለሌሎች ሕመምተኞችም ተርፏል። ሳይንቲስቱን ስቲቨን ሆኪንግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አይታችሁት ይሆናል። የእርሱ ሕመም የላይኛውንም የታችኛውንም የእንቅስቃሴ ነርቭ እየበላ ወደ ፊት የሚገፋ ነው። በጓያ የተያዘ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ባለበት ይቆማል፤ ዕድሜውንም አያሳጥርበትም። የሆነ ሆኖ የሆኪንግ ዓይነት ሕመም ከየት እንደሚመጣ የሚፈልጉ ሰዎች ጓያን በትኩረት ተመለከቱት፤ ምክንያቱ የታወቀ የእንቅስቃሴ ነርቭ በሽታ ነውና። ተመራማሪው ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ጓያ በተመገቡ ዝንጀሮዎች ላይ ምልክቱን አሳዩ። ለእነ ሆኪንግ ሕመም መጀመሪያ የተፈቀደው መድኃኒት ሪሉዞል፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የሚሠራው ያንኑ የግሉታሜት ጩኸት በማብረድ ነው። የሚያረዝመው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ቢሆንም መንገዱን ከፍቷል።

«የሞተ ነርቭ ተመልሶ ይበቅላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል፤ በተለይ የቅዳሜው የወጣቶች ትምህርት ተማሪዎቼ። እጃችሁ ላይ ያለ ነርቭ ቢቆረጥና መንገዱ ቢስተካከልለት በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ግን በራሱ ተመልሶ አይበቅልም ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 አልበርት አጉዋዮ ከባልደረባው ጋር፣ ለሕብለ ሰረሰሩ ነርቭ ከእግር የተወሰደ የነርቭ መንገድ ቢሰጠው ማደግ እንደሚችል በእንስሳት ላይ አሳየ። ነርቩ የማደግ ኃይል አላጣም፤ የከለከለው በዙሪያው ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ምርምሩ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ዛሬ ግን ጓያ የያዘውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ከመያዙ በፊት የምንነግረው ቃል ከሐኪም ቤት መድኃኒት ይበልጣል።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ጸሎት የት ገባ?» ትሉኛላችሁ። እኔም እጸልያለሁ፤ ጌታ እንደሚፈውስም አምናለሁ። ነገር ግን የዳዊት ወዳጅ የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን አስታውሱ። ሁለት እግሮቹ ሽባ ነበሩ። የእግዚአብሔር ቃል ምክንያቱን ግልጥ አድርጎ ይነግረናል፦ በአምስት ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ። እርግማን አልተባለም፤ የእምነት ጉድለት አልተባለም። ዳዊትም «በመጀመሪያ ተነሥተህ ሂድ» አላለውም፤ ከነእግሩ በንጉሥ ማዕድ አስቀመጠው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ወንጌልን ከልቡ የሚያምን ሰው ምክንያቱ የታወቀን ሕመም ወደ ሕመምተኛው ኃጢአት አይለውጥም። እንዲህ ማድረግ በደካማ ሰው ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ እናቶቻችሁን በትሕትና ንገሯቸው፦ ጓያን ብቻውን ለወራት አታብሉን፤ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ከእህል ጋር ቀላቅሉት፤ ቆሎውንና ንፍሮውን ተዉት። ሁለተኛ፣ ድርቅ ሲመጣ የኅብረታችሁን የእርዳታ እህል ቀድማችሁ ላኩ። ለጎረቤት የደረሰ አንድ ቁና ስንዴ፣ ጓያውን ሊቀላቅልበት የሚችል ስንዴ፣ የአንድ ጎረምሳ እግር ሊያተርፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ በምርኩዝ ለሚመጣው ወገን በጉባኤው ፊት ለፊት ቦታ ልቀቁለት። እንዲጸለይለት ከፈለገ ጸልዩለት፤ ካልፈለገም ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው አጫውቱት። አጎቴ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን የሒሳብ መዝገብ ያዥ ናቸው። አሥር ሳንቲም ስታልፋቸው አላየሁም።