ከሱቢያኮ እስከ አፊሌ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። ሰሞኑን ከሮም በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሱቢያኮ ስዘዋወር ይህ ተረት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሱቢያኮ ኮረብታ ላይ የተሠራች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከግርጌዋ በሚፈሰው የአኒዬኔ ወንዝ ወጣቶች ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ተራራ መውጣት የሚወዱም ወደ ሲምብሩይኒ ያቀናሉ። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ከ1500 ዓመታት ገደማ በፊት የመነነበት ዋሻ እዚያው ነው። በቅድስት ስኮላስቲካ ገዳም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1465 ሁለት ጀርመናውያን በኢጣሊያ የመጀመሪያ የሆነውን ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል።

በከተማይቱ ወረቀት በእጅ ወደሚሠራበት ቤት ጎራ አልኩ። ባለሙያው ወንፊት የመሰለ ነገር ከገንዳው ነክሮ ሲያወጣው፣ እርጥብና ስስ ወረቀት ሆኖ ወጣ። አገሬን ጠየቀኝ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግረው ፊቱ በራ፤ «አበበ ቢቂላ!» አለኝ። ደስ አለኝ። የአፊሌን መንገድ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ በጣቱ ብቻ አመለከተኝ።

አፊሌ ጎረቤት ናት። ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ መታሰቢያ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ የተመረቀባት መንደር! ሲመረቅ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበት ነበር። የየካቲት 12 ቀን 1929ኙ የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ የማን ክብር ነው? በግንቦት 1929 በደብረ ሊባኖስ ስለተፈጸመው ግድያ ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ሲያስታውቅ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ጽፏል፤ የኋላ ጥናቶች ሟቾቹን ከሺህ በላይ ያደርሷቸዋል። መነኩሴ በሚከበርበት አገር፣ ከቤኔዲክቶስ ዋሻ አጠገብ፣ መነኮሳት ላስፈጀ ሰው መታሰቢያ!

ታዲያ ጣሊያኖቹን ብቻ እንውቀስ? ከእነርሱም መካከል አጥብቀው የተቃወሙ ነበሩ። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ይህንኑ መታሰቢያ ለመቃወም አዲስ አበባ ላይ የወጡ ወገኖቻችንን ግን ያሰረው የገዛ አገራቸው ፖሊስ ነው። የአያቶቹን ገዳይ የተቃወመን ዜጋ የሚያስር መንግሥት፣ ኢሕአዴግ፣ ለሰማዕታቱ ምን ክብር ነበረው? እዚያ ድንጋይ ፊት ቆሜ ይበልጥ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ከባለሙያው አንድ ወረቀት ገዝቼ ነበር። ማታ ሆቴሌ ገብቼ፣ በስደት ለተወለደች ልጄ ያየሁትን ሁሉ በአማርኛ ጻፍኩላት። ለልጆቻችን እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

ቸር ይግጠመን።