ገመዱን መልሼ የሰካሁት እኔ ነኝ

የእህቴን ልጅ የደበቅኩት እኔ ነኝ። በር ቆልፌበት አይደለም፤ ስጦታ ገዝቼለት ነው።

የምንኖረው አትላስ ሆቴል አካባቢ፣ ግድግዳው ሹክሹክታ እንኳ በሚያሳልፍ አፓርታማ ውስጥ ነው። ልጁ ኦቲዝም አለበት። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ኪቦርድ ስጫወት አድሬ ቀን የምተኛ ሙዚቀኛ ነኝ። አሮጌ ኪቦርዴን ሰጠሁትና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁለት። ዘመድ አዝማድ «አጎት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ መረቀኝ፤ ምርቃቱንም ሳላፍር ተቀበልኩ።

የጆሮ ማዳመጫን አላማም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙዎች ድምፅ ይከብዳቸዋል፤ ከአትላስ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ያለው የጄኔሬተር፣ የጥሩምባና የግንባታ ጩኸት ደግሞ ለማንም ይከብዳል። ለዚያ ብዬ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ነገር ባልኖረኝ። እኔ የገዛሁት ከልጁ ለማረፍ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማዳመጫው ገመድ ተነቀለና ድምፁ ቤቱን ሞላው። ልጁ ሁልጊዜ የሚደጋግማትን አጭር ዜማ መታ። እህቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ በጭብጨባ መለሰችለት። ቀጥ አለ። እንደገና መታ፤ እንደገና አጨበጨበችለት። በሦስተኛው ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፈ ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረና ጠበቃት። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ነው እኮ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። ከዚያ «ጎረቤት ይረበሻል» ብዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁትና ሄጄ ተኛሁ።

ያየሁት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር ልል አልችልም። አውጪና ተቀባይ ነው፤ በሠርጉም በጥምቀቱም ያደግንበት። ያወጣ ሰው ተቀባዩን ይጠብቃል፤ ልጁም ይህንኑ ነው ያደረገው።

ከዓመታት በኋላ ስለ ሪአክቴብል አነበብኩ። ባርሴሎና በሚገኘው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ከውስጡ የሚበራ ክብ ጠረጴዛ ነው። ላዩ ላይ ትንንሽ ቁራጮች ይቀመጡበታል፤ አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ያንን ድምፅ ይለውጠዋል፤ ከሥር ያለ ካሜራ እያንዳንዱ የት እንዳለ ያነባል፤ ሲቀራረቡም ይገናኛሉ። ዘፋኟ ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ2007 የኮንሰርት ጉዞዋ ላይ ተጠቅማበታለች፤ በ2012 ደግሞ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የተደረገ ሙከራ ውጤት ታትሟል። ክብ በመሆኑ የበላይ መቀመጫ የለውም፤ ቁራጮቹም የጋራ ስለሆኑ አንድ ልጅ የሚፈልገው ድምፅ አንዳንዴ ሌላው ሰው እጅ ላይ ይገኛል። መጠየቅ ወይም መጠበቅ ግድ ይሆናል። ይህን ያነበብኩት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ የልጁ ጣቶች የፕላስቲክ ቁልፎቹን ሲያንኳኩ ብቻ ነበር።

ሙዚቃ ያድናል እያልኩ አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በ9 አገሮች 364 ልጆችን ያካተተ ጥናት፣ የሙዚቃ ሕክምና የኦቲዝም ምልክቶችን በመቀነስ ረገድ ጉልህ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከወቀሳ የሚያስጥለኝ መሰለኝ። ግን እናትና ልጅ እንዲጨዋወቱ የማን ጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን ባየኋቸው ቁጥር እኮራ ነበር። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሳይታክቱ ሲወተውቱ ኖሩ። በ2021 ሲያርፉ አልቅሼላቸዋለሁ። ያኔም ገመዱ እንደተሰካ ነበር።

አሁን ተነቅሏል። አይፓድ ላይ ጋራዥባንድ የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ እንከፍትና ድምፁን ትዝታን በሚሠሩት አምስት ኖታዎች እንገድበዋለን፤ ልጁ የትም ቢነካ ከቅኝት አይወጣም። እዚህ የደረስነው በሌላ ጥፋቴ ነው። መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ አብሬው ስቀመጥ፣ ከቅኝት በወጣ ቁጥር ጣቱን ይዤ «ትክክለኛው» ቁልፍ ላይ አደርግለት ነበር። አንድ ቀን ጣቱን መንጭቆኝ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ስመጣ እየተነሣ መሄድ ጀመረ። እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ያቃናችውን እኔ ባለሙያው አጣመምኩት። ዛሬ እሷ ታጨበጭባለች፣ እሱ ይነካል፣ እኔ ካልተጠራሁ ዝም ነው። ሲያሻው አይፓዱን ወደ እኔ ገፋ ያደርገዋል፤ መጥሪያው እሱ ነው።

«ጎረቤት ይረበሻል» ያልኩትስ? አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በቅርቡ ከጎናችን ያሉትን እናት አንኳኩቼ፣ ልጁ ድምፁን ከፍቶ መጫወት ጀምሯልና ካስቸገርንዎት ይንገሩን አልኳቸው።

«ውይ በሞትኩት፣ አለ እንዴ? እኛ እኮ ድምፁ ሲጠፋ ክፍለ ሀገር የላካችሁት መስሎን ነበር» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። የልጅ ልጃቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትተኛ፣ ከዚያ በኋላ እንድንጫወት ተስማማን።